ጭምብሉ ሥር ያለው ሰው ለምን ይለዋወጣል?

ጥያቄ፦ «ለሁለቱ ልጆቼ (9 እና 12 ዓመታቸው ነው) የድሮዎቹን ባለጭምብል የካውቦይ ተከታታይ ፊልሞች ላሳያቸው ብዬ ‹ጎስት ኦፍ ዞሮ›ን በዲቪዲ ገዛሁ። የምንኖረው አውሮፓ ነው። አክተሩ ጭምብሉን ሲያጠልቅ ድምፁ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ሲደባደብ ደግሞ ትከሻው የሚሰፋ ይመስላል። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ‹በቃ አለቀለት› ያልነው ሰው በሚቀጥለው ክፍል አቧራውን አራግፎ ይነሳል፤ ልጆቼ ተጭበረበርን አሉ። ይኸው ፊልም ሌላ ቦታ የ70 ደቂቃ ሆኖ አየሁት፤ የእኔ ደግሞ ሳጥኑ ላይ 167 ደቂቃ ተብሎ ተጽፎ 160 ደቂቃ ላይ ያልቃል። ቅጂዬ ጉድለት አለበት? ከየትኛውስ ብንጀምር ይሻል ነበር?»

ምላሽ፦

ቅጂዎ ምንም አልሆነም። «ጎስት ኦፍ ዞሮ» በ1949 ሲኒማ ቤት ሲገባም እርስዎ ያዩት ሁሉ ነበረበት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጠየቋቸው ነገሮች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የሚመጡ ናቸው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጭምብል የታሪክ ማድመቂያ ብቻ አይደለም፤ የወጪ መቆጠቢያም ነው። ፊት እስካልታየ ድረስ ከሥሩ ማንንም ማስገባት ይቻላል፦ ዋናውን ተዋናይ፣ ስታንትማኑን (በተዋናዩ ፈንታ ጥሉንና አደገኛውን ሥራ የሚሠራውን ሰው)፣ ከዓመታት በፊት ለሌላ ፊልም የተቀረጸን ሰው፣ አንዳንዴም ሴት።

ፊልሙን የሠራው ሪፐብሊክ ፒክቸርስ ነው። ኸርበርት ዬትስ በ1935 ትንንሽ ስቱዲዮዎችን አዋህዶ ያቋቋመው ይህ ድርጅት ከ1936 እስከ 1955 ድረስ 66 ተከታታይ ፊልሞችን አውጥቷል። ዋና ደንበኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ የሚገቡ ልጆች ነበሩ። በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ ስለሚታይ 12 ክፍል ማለት 12 ቅዳሜ ነው። ሦስት ሰዓት የሚጠጋው ፊልም ደግሞ በአንድ ወር ገደማ ተቀርጾ ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ቀረጻው የክፍሎቹን ቅደም ተከተል አይጠብቅም፤ ዋሻ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ፣ የሁለተኛው ክፍልም ይሁን የአሥራ አንደኛው፣ በአንድ ላይ ይነሳል። ዋናው ተዋናይ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ሲያወራ፣ ጭምብል ያጠለቀው «እሱ» በዚያው ሰዓት ከከተማ ውጭ ኮረብታ ለኮረብታ ሊጋልብ ይችላል። ፊቱ የሚታይ ጀግና ቢሆን ኖሮ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ቀናት ይባክኑ ነበር።

ድምፁን በተመለከተ ጆሮዎ አልተሳሳተም። በ«ጎስት ኦፍ ዞሮ» ኬን ሜሰንን፣ ጭምብል ሲያጠልቅ ዞሮ የሚሆነውን ጀግና፣ የሚጫወተው ክሌይተን ሙር ነው፤ ጭምብሉን ሲያጠልቅ የምትሰሙት ድምፅ ግን የእሱ አይደለም፣ የሌላ ሰው ተቀርጾ የተለጠፈ ነው። ይህ አሠራር ለሪፐብሊክ አዲስ አልነበረም። በ1938 «ዘ ሎን ሬንጀር»ን፣ የሌላውን ባለጭምብል የካውቦይ ጀግና ታሪክ፣ ሲሠሩ ጭምብል ያደረገውን ሰው ድምፅ ለቢሊ ብሌቸር ሰጥተውት ነበር፤ በዲስኒ «ሦስቱ ትንንሽ አሳሞች» ውስጥ የተኩላው ድምፅ የሆነው ሰውዬ ነው። እዚያ ምክንያቱ በጣም ግልጽ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከአምስት ወጣቶች አንዱ ሎን ሬንጀር ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም ብሎ ነው። ተዋናዩ በራሱ ድምፅ ቢናገር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይለየው ነበር። ለዚያው ሲባል ጭምብሉም ዓይን ላይ አይቆምም፤ ከሥሩ አፍና አገጭን የሚጋርድ ስስ ጨርቅ ይወርዳል። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። እርስዎም ይህን ፊልም ሲገዙ የሳጥኑን ጀርባና የተዋንያኑን ዝርዝር ለልጆቹ አያስነብቡ፤ ሻጮቹ የ15 ክፍል ምስጢር በአንድ መስመር ይዘረግፉታል።

ጭምብሉ ግን ሁሉን ነገር አይሸፍንም፤ ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አለ። «ጎስት ኦፍ ዞሮ» በወጣበት ዓመት፣ በመስከረም 1949፣ ሙር በቴሌቪዥን ሎን ሬንጀር ሆኖ መጣ፤ በዚያ የሚናገረው በራሱ ድምፅ ነው። በ1952 እሱን አንስተው ለ52 ክፍሎች ጆን ሃርት የሚባል ተዋናይ አስገቡ። ልብሱ ያው ነው፣ ጭምብሉም ያው፣ ፈረሱም ነጭ። ተመልካቹ ግን አልተቀበለውም፤ ሙርም ተመልሶ ሥራውን እስከ ማብቂያው 1957 ድረስ ቀጠለ። የአነጋገር ለዛና የአረማመድ ነገር በጨርቅ አይሸፈንም። ለሁለት ሴኮንድ የሚታይ ስታንትማን ያልፋል፤ ለአንድ ዓመት የተተካ ሰው አያልፍም።

ወደ ትከሻው ልምጣ። በሪፐብሊክ ድብድቡን የሚሠሩት እንደ ቶም ስቲል፣ ዴል ቫን ሲክል እና ዴቪድ ሻርፕ ያሉ ስታንትማኖች ናቸው። ስቱዲዮው ዋና ተዋናይ ሲመርጥ ቶም ስቲልን መምሰሉን እስከማየት ደርሶ ነበር፤ በሌላ ስቱዲዮ ስታንትማኑ ነው ተዋናዩን እንዲመስል የሚፈለገው። እነዚሁ ሰዎች የወንበዴዎቹ ጭፍራም ሆነው ይገባሉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ በጥይት የወደቀው ሰውዬ ስድስተኛው ላይ ሌላ ኮፍያ አድርጎ ሲመጣ ልጆቹ ከያዙት ልክ ናቸው።

ስታንትማኑ የገባበትን ቦታ ለመለየት ኮፍያውን ይከተሉ። ወንበር ይሰበራል፣ ጠረጴዛ ይገለበጣል፣ ሰው በመስኮት ይወረወራል፣ ኮፍያው ግን ከራስ ንቅንቅ አይልም። ኮፍያው ከወደቀ ፀጉርና ግንባር ይታያል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ከተነሳው የዋናው ተዋናይ ምስል ጋርም አይገጥምም፤ ትዕይንቱ እንደገና መቀረጽ ሊኖርበት ነው። ሌላው ምልክት የካሜራው ርቀት ነው። ጥል ሊጀመር ሲል ተዋናዩ በቅርብ ይታያል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ይዞራል፤ ወዲያው ካሜራው ክፍሉን በሙሉ ወደሚያሳይበት ቦታ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሚያያችሁ ሰው የለም፤ ሁሉም ጀርባውን ወይም ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚመታው። ጥሉ ሲያበቃ ተዋናዩ እያለከለከ በቅርብ ይመለሳል። ልጆቹ ይህን ሁለት ጊዜ ካዩ በሦስተኛው ቀድመው «አሁን ሊቀየር ነው» ማለት ይጀምራሉ።

ቡጢውም የራሱ ዘዴ አለው። መቺውና ተመቺው በካሜራው መስመር ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ ይቆማሉ። ቡጢው ሳይነካ ከፊት ለፊት ያልፋል፣ ተመቺው በዚያው ቅጽበት ራሱን ይወረውራል፣ ድምፁ በኋላ ይጨመራል። ካሜራው ከጎን ቢሆን በቡጢውና በአገጩ መካከል ያለው ክፍተት ወለል ብሎ ይታይ ነበር። የማይሳካው አብዛኛውን ጊዜ ተመቺው ሲዘገይ ወይም ሲቀድም ነው፤ ምስሉን አቁመው ካዩት አንዳንዱ ሰው ገና ሳይነካ ወድቋል።

ቀደም ሲል ጥል የሚቀረጸው ካሜራውን ተክሎ ሁለት ሰዎችን እስኪደክማቸው በማደባደብ ነበር፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሁሉም ይንገዳገዳል። ይህን የቀየረው ዊልያም ዊትኒ ነው። ገና 21 ዓመቱ ሳለ ዳይሬክተር የሆነው ይህ ሰው የዳንስ ፊልሞች ዳይሬክተሩ በዝቢ በርክሊ ጭፈራውን ቁርጥራጭ እያደረገ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ እያስጠና ሲቀርጽ አይቶ ያንኑ ዘዴ ለጥል አመጣው። ሦስት አራት ምት ብቻ ይጠናል፣ ይቀረጻል፣ ይቆማል፣ ካሜራው ቦታ ይቀይራል፣ ቀጣዮቹ ይጠናሉ። ሰዎቹ ስለማይደክማቸው ጥሉ እስከ መጨረሻው ትኩስ ይሆናል። ትንሽ ፍጥነትም ይጨመርበታል፦ ፊልሙ ሲታይ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ሲቀረጽ 20 ፍሬም ብቻ ከተነሳ እንቅስቃሴው አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጥናል። ከዚያ በታች ሲወርዱ ነው የፈረሶቹ እግር እንደ አሻንጉሊት የሚሆነው።

ለጭምብሉ ጥቅም አንድ ትዕይንት ምረጥ ብባል፣ በ«ዞሮስ ፋይቲንግ ሊጅን» (1939) ዞሮ ሠረገላ የሚያሳድድበትን እመርጣለሁ። የሚጋልበው ዋናው ተዋናይ ሪድ ሃድሊ ሳይሆን ያኪማ ካነት ነው፤ የሮዲዮ (የካውቦይ ግልቢያ ውድድር) ሻምፒዮን የነበረ፣ ለስታንት ሥራ ሕግና ሥርዓት ያወጣ ሰው። ከራሱ ፈረስ ሠረገላውን ወደሚጎትቱት ፈረሶች ይዘላል፣ በመካከላቸው ይወርዳል፣ ተንጠልጥሎ በጀርባው ይጎተታል፣ ይለቃል፣ ሠረገላው በላዩ ያልፋል፣ የሠረገላውን የኋላ ጫፍ ይዞ እንደገና ይወጣል። ይህ እንዲሳካ የሚያስፈልገውን ያስቡ። ትከሻ እንዲያልፍ በፈረሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ማለት አለበት። ሲለቅ አካሉ ቀጥ ብሎ፣ እጅና እግሩ ከመንኮራኩሮቹ መስመር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አንድ ክርን ከወጣ ይሄዳል። ፈረሶቹ ደግሞ በሙሉ ግልቢያ ላይ መሆን አለባቸው፤ ሲዘገዩ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ ሲጋልቡ ግን መስመራቸውን ይይዛሉ። ዝግ ቢል ይሻላል የሚመስለው ነገር የበለጠ አደገኛ ነው ማለት ነው። ካነት በዚያው ዓመት በጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ውስጥም በሠረገላ ሥር አልፏል፤ እዚያ ግን የሚወድቀው አጥቂው ነው። በዞሮ ላይ ጀግናው ራሱ ይህን ሲያደርግ ካሜራው መሸሽ አላስፈለገውም፤ ፊቱ ተሸፍኗላ።

እንዲህ ያለ ምስል አንዴ ከተገኘ ደግሞ አይጣልም። በ1944 የወጣው «ዞሮስ ብላክ ዊፕ» ጀግናዋ ሴት ናት። ሊንዳ ስተርሊንግ የምትጫወታት ባርባራ ሜሬዲት፣ በ1889 በአይዳሆ ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነች፣ ወንድሟ ሲገደል ጥቁር ልብሱንና ጅራፉን የምትወርስ ሴት ነች። (ርዕሱ ላይ ዞሮ ይባል እንጂ ፊልሙ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሰው የለም።) ሪፐብሊክ የእሷንና የሌሎቹን የዞሮ ፊልሞች የግልቢያና የጥል ምስል አስቀምጦ በ1951 ለ«ዶን ዴርዴቪል ራይድስ አጌን»፣ በ1954 ደግሞ ለ«ማን ዊዝ ዘ ስቲል ዊፕ» አወጣው። የአዲሱ ጀግና ልብስ የተሰፋው ከድሮው ምስል ጋር እንዲገጥም ነው። ውጤቱን የ12 ዓመቱ ልጅ ይወደዋል፦ በ1954ቱ ፊልም ጠንካራው ካውቦይ ፈረስ ላይ ሲወጣ ድንገት ይቀጥናል፣ ወገቡ ይገባል፣ የሰማዩ ብርሃንና የዛፎቹ ጥላም ይለወጣል። የምታዩት ከአሥር ዓመት በፊት የተቀረጸችውን ሴት ነው።

«ተጭበረበርን» ላሉት ልጆች ፍርዱ ግማሽ በግማሽ ነው። የክፍል መጨረሻ አደጋ በሦስት መንገድ ይፈታል። አንዱ ንጹሑ ነው፦ አደጋው ያየነው ሁሉ ሆኖ፣ ጀግናው በአዲሱ ክፍል ባደረገው ነገር ይተርፋል፤ ገመድ ይቆርጣል፣ ጓደኛው ይደርስለታል። ሁለተኛው የሪፐብሊክ የዘወትር መንገድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠረገላው ከነሰውዬው ገደል ሲገባ ታይቶ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ያው ትዕይንት ሲደገም፣ በፈረሶቹና በገደሉ ምስል መካከል ሁለት ሴኮንድ የሚሆን አዲስ ምስል ይገባል፣ ሰውዬው ዘሎ ሲወርድ። ባለፈው ሳምንት ያቺ ምስል ተቆርጣ ነበር። ልጆቹ ማጭበርበር ያሉት ይህንን ከሆነ ልክ ናቸው። ሦስተኛው ሰነፉ ነው፦ ቤቱ በላዩ ይፈርሳል፣ ከዚያ ከፍርስራሹ ተነስቶ ይሄዳል፤ አክተር አይሞትም፣ አለቀ።

የዚያን ጊዜ ልጆች ሁለተኛውን የማያስተውሉት በመካከሉ ሰባት ቀን ስላለ ነው። እርስዎ ሁለቱን ክፍሎች አከታትለው ስላሳዩ ስፌቱ ታየ። ስለዚህ በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አያሳዩ፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በተለይ ሲያከታትሉ፣ አዲሱ ክፍል ካለፈው የሚደግመውን ሁለት ደቂቃ ያህል አይዝለሉት፤ መልሱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። መዝለል የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፦ ብዙዎቹ ወደ መጨረሻው ገደማ ሰዎቹ ተቀምጠው «ያን ጊዜ እንዲህ ሆኖ…» እያሉ የቀደሙትን ትዕይንቶች የሚደግሙበት ክፍል አላቸው። ያ ክፍል ገንዘብ ለማትረፍ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያውንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አይቶ ማለፍ ምንም አያጎድልም።

የደቂቃው ልዩነት ሁለት ምክንያት አለው። ያዩት የ70 ደቂቃው በ1959 ከ12ቱ ክፍሎች ተቆርጦ እንደ አንድ ፊልም የወጣው ነው። «ዞሮ ራይድስ አጌን»ም እንዲሁ ተቆርጧል። የ1938ቱ «ዘ ሎን ሬንጀር» ደግሞ በ1940 «ሃይ-ዮ ሲልቨር» ተብሎ የ69 ደቂቃ ፊልም ሆነ፤ እዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ታሪኩን ሲተርክ የሚያሳይ አዲስ ምስል ተጨምሮበታል። ሲጀምር ሽማግሌና ልጅ ካዩ የያዙት የተቆረጠውን ነው። የተቆረጡትን አልመክርም፤ የሚጣለው ታሪኩ ሲሆን የሚቀረው ጥይትና ግልቢያ ነው፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ሳይገባ ያልቃል።

የእርስዎ 167 ደቂቃ 160 የሆነው ግን ምንም ተቆርጦ አይደለም። በአውሮፓው የፓል ሥርዓት የተዘጋጀ ዲስክ ፊልሙን በሴኮንድ 24 ሳይሆን 25 ፍሬም አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ርዝመቱ 4 በመቶ ይቀንሳል፣ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። 167ን በ24 አባዝተው በ25 ያካፍሉ፣ 160 ይመጣል። ቅጂ ሲገዙ ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጡትም በዚሁ ስሌት ነው። «ዞሮ ራይድስ አጌን» (1937) እና «ዞሮስ ፋይቲንግ ሊጅን» እያንዳንዳቸው 12 ክፍል፣ 212 ደቂቃ ናቸው፤ በፓል 203 ወይም 204። «ዞሮስ ብላክ ዊፕ» 12 ክፍል፣ 182 ደቂቃ። «ሰን ኦፍ ዞሮ» (1947) 13 ክፍል፣ 180 ደቂቃ። የ1938ቱ «ዘ ሎን ሬንጀር» 15 ክፍል፣ 264 ደቂቃ። ከእነዚህ በሩብ ሰዓት የሚያንስ ካገኙ አንድ ክፍል ጎድሏል ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ደግሞ ክፍል በክፍል ለመለካትም ይመቻሉ፦ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው 13 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ናቸው። ይህ ልክ 1,200 ጫማ ፊልም ነው፤ ስቱዲዮው ከዚያ በላይ አንድ ጫማ ማባከን አልፈለገም።

የሎን ሬንጀርን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። የ1938ቱም የ1939ኙም («ዘ ሎን ሬንጀር ራይድስ አጌን») ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ነበር። ዛሬ የሚገኙት ለውጭ አገር ተመልካች ከተዘጋጁ ቅጂዎች የተሰባሰቡ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ከግርጌ የስፓኝኛ ጽሑፍ አላቸው፤ ምስሉም ከክፍል ክፍል ይለያያል። ሻጭ «እንደ አዲስ የጠራ» ካለዎት አይመኑ። ከሁለቱ የ1938ቱ በብዙ ይበልጣል፤ የ1939ኙ ጀግና ሮበርት ሊቪንግስተን በየአጋጣሚው ጭምብሉን ስለሚያወልቅ ምስጢር የሚባል ነገር የለውም።

ከየትኛው ይጀመር ለሚለው፣ እኔ ብሆን ኖሮ «ዞሮስ ፋይቲንግ ሊጅን»ን አስቀድማለሁ። ዊትኒና ጆን እንግሊሽ አብረው ከመሯቸው ምርጦቹ አንዱ ነው፤ አንዱ ሲቀርጽ ሌላው የነገውን እያዘጋጀ፣ ቀን በቀን እየተፈራረቁ ነው የሠሩት። ጭምብሉ በሁለቱም ወገን ነው፦ ዞሮም ተሸፍኗል፣ ዶን ዴል ኦሮ የሚባለው ክፉም የወርቅ ጣዖት ለብሶ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ተደብቋል። ልጆቹ በየክፍሉ የሚጠረጥሩትን ሰው ስም ወረቀት ላይ ቢጽፉ 12ኛው ክፍል ድረስ የሚያጨቃጭቅ ነገር ያገኛሉ። ለትልቁ ልጅ ግን ታሪኩን እንደ ታሪክ እንዳይወስደው ይንገሩት፤ በ1824 ሜክሲኮ ቤኒቶ ኹዋሬስ አገር ሲመራ ይታያል፣ ያን ጊዜ ግን ኹዋሬስ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ቀጥሎ «ዞሮስ ብላክ ዊፕ»፣ ከዚያ የገዙት። «ጎስት ኦፍ ዞሮ» መጥፎ አይደለም፤ ግን በጀቱ ከሳስቶ፣ ድንጋዮቹም ፈረሶቹም ከታወቁ በኋላ የተሠራ ነው፣ መጀመሪያ የሚታይ አይደለም። «ዞሮ ራይድስ አጌን» ካዩ አውሮፕላንና የጭነት መኪና ሲመጣ አይደንግጡ፤ ዘመኑ 1937 ሲሆን ጀግናው የዞሮ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የቴሌቪዥኑ ሎን ሬንጀር ከ221 ክፍሎቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ተያያዥ ናቸው፤ ስድስት ፖሊሶች በወንበዴዎች ደፈጣ ተተኩሶባቸው አንዱ ብቻ የሚተርፍበትን፣ ጭምብሉም ከሟች ወንድሙ ሰደርያ የሚቆረጥበትን ታሪክ ይይዛሉ። የቀሩት በየራሳቸው ያልቃሉ።

ለ9 ዓመቱ ልጅ ሁለት ነገር አስቀድመው ይንገሩት። የፈረሶቹ አወዳደቅ በድሮዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። በፈረሱ የፊት እግሮች ላይ ሽቦ ታስሮ ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ይቸከል ነበር፤ ሽቦው ሲያልቅ ፈረሱ በግንባሩ ይደፋል። የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በፊልም ቀረጻ ላይ መቆጣጠር የጀመረው በ1940 ነው፤ ከዚያ በኋላም ድሮ የተቀረጹት ውድቀቶች በአዳዲሶቹ ፊልሞች ውስጥ ሲደጋገሙ ኖረዋል። ሁለተኛው የቀይ ሕንዶቹ አቀራረብ ነው። ወይ በጣዖት የሚታለሉ የዋሆች ናቸው፣ ወይ እንደ ሎን ሬንጀሩ ጓደኛ እንደ ቶንቶ ቋንቋ የሚሰባብር ረዳት። ቴሌቪዥኑ ላይ ቶንቶን የተጫወተው ጄይ ሲልቨርሂልስ ከካናዳ የመጣ የሞሃክ ሰው ሲሆን እንግሊዝኛው ያልተሰባበረ ነበር፤ ኋላም የነባር ሕዝብ ተዋንያን የሚሰለጥኑበት ዎርክሾፕ አቋቁሟል።

ቀጣዩን ከአሜሪካ ካስመጡ በሳጥኑ ጀርባ ያለውን የክልል ቁጥር ይመልከቱ። 1 ብቻ ከተጻፈበት የአውሮፓ ማጫወቻዎ ላይከፍተው ይችላል፤ 0 ወይም «ሁሉም ክልል» ከሆነ ይሠራል። ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) የሚል ካለበትም አይስጉ፤ አብዛኛው የአውሮፓ ማጫወቻ ያነበዋል፣ እንዲያውም በትክክለኛው ፍጥነት ስለሚሄድ ዞሮ 167 ደቂቃውን ሳይሸራርፍ ይጋልባል።